የካናዳ ፊልሞች ከአገራቸው ውጭ ሲኒማ ቤት የማይገቡት ለምንድን ነው?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦

ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በደሴ ከተማ ፊልም እያየን የምንወያይበት አነስተኛ ክበብ አለን። አባላቱ በአብዛኛው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ናቸው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ከኮምቦልቻ የሚመጡም አሉ። በየወቅቱ አንድ አገር እንመርጥና የዚያን አገር ፊልሞች በተከታታይ እናያለን። ለመጪው ወቅት ካናዳን ያቀረብሁት እኔ በመሆኔ የማብራራቱም ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ፤ ማብራሪያውን ለማዘጋጀት ስቀመጥ ግን መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ገጠመኝ።

ካናዳ እንደኛ እጅ ያጠራት አገር አይደለችም። ብሔራዊ የፊልም ቦርዷ የተቋቋመው በ1939 ነው (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ዛሬ ቴሌፊልም ካናዳ የሚባለው፣ ለረጅም ፊልሞች የመንግሥት ገንዘብ የሚያቀርበው ድርጅት ደግሞ በ1967 በወጣ ሕግ የተመሠረተ ነው። የቶሮንቶ ፊልም ፌስቲቫል ከ1976 ጀምሮ አለ። ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት ከኩቤክ ክፍለ ግዛት የወጣው ዳይሬክተር ዴኒ አርካን በ2004 ኦስካር ወስዷል። ይህ ሁሉ እያለ፣ ለክበባችን አባላት «ሲኒማ ቤት ገብታችሁ ያያችሁት የካናዳ ፊልም ማን ይባላል?» ብዬ ብጠይቅ አንድም መልስ አላገኘሁም። አንዷ እኅታችን ጂም ኬሪን፣ ሌላው ራያን ሬይኖልድስን ጠሩልኝ፤ ሁለቱም ካናዳውያን ናቸው፣ የጠሯቸው ፊልሞች ግን በሙሉ የአሜሪካ ሆነው ተገኙ።

የአገራችን ፊልም ውጭ አገር ሲኒማ ቤት የማይገባበትን ምክንያት ሁላችንም ባይነገረንም እናውቀዋለን። በ2015 «ላምብ» የተባለው የያሬድ ዘለቀ ፊልም ካን ፌስቲቫል በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሲሆን ደስታችን ወደር ያጣው፣ እንዲህ ያለው ዕድል ብርቅ ስለሆነ ነው። ገንዘቡም፣ ባለሙያውም፣ የመንግሥት ድጋፉም የተሟላለትን አገር ፊልም ግን የሚያግደው ምንድን ነው? የእንግሊዝኛውና የፈረንሳይኛውስ ዕጣ አንድ ዓይነት ነው? በመጨረሻም፣ እንደኛ ያለ ክበብ እነዚህን ፊልሞች በሕጋዊ መንገድ ለማሳየት ቢፈልግ በማን በኩል ይጠይቃል? የምታውቁ ብታካፍሉን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ አዳራሽ አስተዳድራለሁ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ላይ የውጭ ፊልም እያስመጣ ለሲኒማ ቤቶች በሚያከራይ ቢሮ ሠርቻለሁ። የምጽፍልዎ በሥራው ላይ ካየሁት በመነሣት ነው።

ፊልም ተሠርቶ ስላለቀ ብቻ ድንበር አይሻገርም። ፕሮዲዩሰሩ ለሽያጭ ወኪል ያስረክበዋል፤ ወኪሉም በየካቲት በርሊን፣ በግንቦት ካን፣ በመስከረም ቶሮንቶ ላይ ከየአገሩ ከሚሰበሰቡ አከፋፋዮች ጋር ይደራደራል። በዚህ ገበያ ዓለም ተሸንሽና ነው የምትሸጠው፦ ፈረንሳይ ለብቻዋ፣ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ አገሮች ለብቻቸው፣ አፍሪካ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጠቅልላ በአንድ ውል። ገዢው አከፋፋይ ቅድሚያ ክፍያውን ከፍሎ ሲጨርስ ዋናው ወጪ ገና መጀመሩ ነው። የግርጌ ጽሑፍ ያስተረጉማል ወይም በአገሩ ቋንቋ ድምፅ ያስገባል፣ ፊልሙን በተመልካች ዕድሜ ያስመድባል፣ ፖስተር ያሳትማል፣ ማስታወቂያ ያስነግራል። ለአነስተኛ ፊልም የማስታወቂያው ወጪ ፊልሙ ከተገዛበት ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አከፋፋዩ ኪሱን ከመፍታቱ በፊት የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «በገዛ አገሩ ምን ያህል ሰው ገብቶ አየው?» የሚል ነው።

የካናዳ ፊልም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የሆሊውድ ኩባንያዎች የትኬት ገቢ ሲቆጥሩ አሜሪካንና ካናዳን ለይተው አይመዘግቡም፤ ሁለቱንም «የአገር ውስጥ ገበያ» ብለው በአንድ ቋት ይከቷቸዋል። ፊልሞቻቸው በሁለቱ አገሮች በአንድ ዓርብ ይወጣሉ፤ ቶሮንቶ ላይ የሚሰቀለው ፖስተር ቺካጎ ላይ የተሰቀለው ነው። ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ውጭ ያሉ ፊልሞችም ቢሆኑ መብታቸው «ሰሜን አሜሪካ» ተብሎ በጥቅል የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ የተነሳ የካናዳ ፊልም በገዛ ከተማው እንደ እንግዳ ሆኖ ቦታ ይለምናል። እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው ክፍለ ግዛቶች የአገር ውስጥ ፊልም ከዓመቱ የትኬት ገቢ የሚያገኘው ድርሻ ከመቶ በጣም ጥቂት ነው። ለማስታወቂያ የሚበቃ ገንዘብ ሳይኖረው በጥቂት ስክሪኖች ይወጣል፤ በሁለተኛው ሳምንት ለሌላ ፊልም ቦታውን ይለቃል። የውጭ ገዢ ይህን መዝገብ ሲያይ የሚወስነውን መገመት አያዳግትም።

ይህ የትናንት ነገር አይደለም። በካናዳ ትልቁ የሲኒማ ቤቶች ሰንሰለት የነበረው ፌመስ ፕሌየርስ ገና ድሮ በአሜሪካው ፓራማውንት ቁጥጥር ሥር ገብቶ ነበር። ገበያውን ጠቅልለው ይዘዋል ተብለው በሞኖፖሊ ተከስሰው በ1932 ኦንታሪዮ ፍርድ ቤት ቀርበዋል፤ ፍርድ ቤቱ በነፃ አሰናበታቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካናዳ የውጭ ምንዛሪ አጥሯት ከትኬት በሚሰበሰበው ገንዘብ ላይ ገደብ ለመጣል ስታስብ ደግሞ፣ ሆሊውድ በ1948 አንድ መላ አመጣ፦ ገደቡ ይቅር፣ እኛ በፊልሞቻችን ውስጥ የካናዳን ስም እያነሳን ቱሪስት እንስብላችኋለን አላቸው። ካናዳውያኑም ተስማሙ። ስምምነቱ እስከ 1958 ድረስ ጸንቶ ቆየ። ተዋናዩ በወሬ መሃል ስለ ካናዳ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል ያደርጋል፣ የትኬቱ ገንዘብ ግን እንደ ቀድሞው ወደ ካሊፎርኒያ ይሄዳል። እኔ በበኩሌ በፊልም ንግድ ታሪክ ከዚህ የባሰ ውል አላነበብሁም። በ1988 የኮሙኒኬሽን ሚኒስትሯ ፍሎራ ማክዶናልድ የካናዳን የማከፋፈል መብት ከአሜሪካ ለመለየት ያለመ ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር፤ ሆሊውድ አጥብቆ ተቃወመው፤ ምርጫ ሲጠራም ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ።

ስለ አዳራሹ በኩል ደግሞ ትንሽ ልጨምር። ዛሬ ፊልም በጥቅል ሴሉሎይድ አይመጣም፤ በሃርድ ዲስክ ወይም በኢንተርኔት የሚመጣ የተቆለፈ ፋይል ነው። ለመክፈት ቁልፍ ይላካል፤ ቁልፉም ፋይል ነው። ያ ቁልፍ የሚሠራው ስሙ በተመዘገበው አንድ ሰርቨር ላይ፣ ከተባለው ሰዓት እስከተባለው ሰዓት ብቻ ነው። ቁልፉ እሑድ እኩለ ሌሊት ላይ የሚያበቃ ከሆነ፣ ሰኞ ጠዋት ፋይሉ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ፕሮጀክተሩ «አልከፍትም» ይላል፤ መብራት ጠፍቶ የቅዳሜው ማሳያ ቢሰረዝ አዲስ ቁልፍ ለማግኘት በኢሜይል ደጅ መጥናት ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ሥራ ለመቶ ሚሊዮን ዶላሩም ለአንድ ሚሊዮን ዶላሩም ፊልም እኩል ነው። አከፋፋይ እኩል የሚለፋ ከሆነ ለትልቁ ይለፋል። እኔ የማስተዳድረው አዳራሽ ፕሮጀክተሩ ከላፕቶፕ ጋር የተገናኘ እንጂ እንዲህ ያለ ሰርቨር ያለው አይደለም፤ ስለዚህ አንዳንድ ወኪሎች ውል ለመፈራረም እንኳ ፈቃደኛ አይሆኑም።

ወሎዬው ከሞንትሪያል፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ አራዳ ነው፤ አሁን የምኖረው ሞንትሪያል ነው። ወንድማችን ቦርከና የጻፉትን እየተቀበልኩ፣ የተነሳውን የቋንቋ ጥያቄ ለብቻው ልመልስ፤ ምክንያቱም «የካናዳ ፊልም» በሚለው አንድ ስም ሥር ሁለት የተለያዩ ገበያዎች አሉ።

ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ኩቤክ የራሱ ኮከቦች፣ የራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ የራሱ የወሬ መጽሔቶች አሉት። አንድ የኩቤክ ኮሜዲ ሲወጣ ሰው ተሰልፎ ያያል፤ ስለዚህ አከፋፋዩ ለውጭ ገዢ የሚያሳየው ቁጥር አለው። ፈረንሳይን የመሰለ ትልቅ ገበያም አለለት። የአርካን «የባርባሮቹ ወረራ» በ2003 ካን ላይ የስክሪፕት ሽልማት ካገኘ በኋላ በማግስቱ ዓመት ኦስካርንም፣ የፈረንሳዮቹን ሴዛርም በምርጥ ፊልምነት ወስዷል። የግዛቪዬ ዶላን «ማሚ» በ2014 ካን ላይ የዳኞችን ሽልማት ተጋርቶ ፈረንሳይ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመልካች ገብቶ አይቶታል። ይህ ማለት ግን መንገዱ አልጋ በአልጋ ነው ማለት አይደለም። ያው «ማሚ» ፓሪስ ላይ ሲታይ በፈረንሳይኛ የግርጌ ጽሑፍ ነበር፤ የሞንትሪያል ሠፈር ልጆች አነጋገር ለፓሪስ ጆሮ ይከብዳልና። በቋንቋው ተመሳሳይነት ተማምኖ የሄደ ፊልም ትርጉም ሲያስፈልገው ምን ያህል እንደሚያበሳጭ አስቡት።

የኩቤክ ኮሜዲ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚሻገረው ሐሳቡ እንጂ ፊልሙ አይደለም። የኬን ስኮት «ስታርባክ» በ2011 ኩቤክን በሳቅ ካፈረሰ በኋላ በ2013 ፈረንሳዮች በራሳቸው ተዋናዮች ደግመው ሠሩት፤ በዚያው ዓመት ሆሊውድም «ዲሊቨሪ ማን» ብሎ ያንኑ ዳይሬክተር ቀጥሮ አሠራው። ዓለም ያየው ቅጂውን ነው። ዋናው ፊልም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በስፋት እንዲታይ ማን ይደክማል፣ በእንግሊዝኛ በታዋቂ ተዋናይ መሥራት እየተቻለ?

የእንግሊዝኛው ከዚህ የባሰ ነው። ቋንቋው ለመሸጥ ይመቻል ተብሎ ይታሰባል፤ እውነታው ግን ያ ቋንቋ ፊልሙን ከአሜሪካ ፊልም ጋር ፊት ለፊት ያጋጥመዋል። ለአንድ የጣሊያን ወይም የኬንያ ተመልካች በእንግሊዝኛ የሚያወሩ ነጮች ያሉበት ፊልም አሜሪካዊ ነው። ቶሮንቶና ቫንኩቨር ራሳቸው በአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ ኒውዮርክን ወይም ሲያትልን መስለው ሲተውኑ ኖረዋል፤ የመኪናው ታርጋ ይቀየራል፣ የፖስታ ሳጥኑ ቀለም ይቀየራል፣ ቢጫ ታክሲ ይመጣና ጎዳናው ማንነቱን ያጣል። ስለዚህ እውነተኛ የቶሮንቶ ፊልም ሲመጣ ተመልካቹ «ርካሽ የአሜሪካ ፊልም» አድርጎ ይወስደዋል፤ ዋጋ የሚሰጠውም በዚያ ልክ ነው።

ኦስካርም በዚህ ላይ ድርሻ አለው። የውጭ ቋንቋ ፊልሞች የሚወዳደሩበት ዘርፍ እንግሊዝኛ ፊልም አይቀበልም። በመሆኑም የኩቤክ ፊልም በየዓመቱ አገሩን ወክሎ የመቅረብ ዕድል ሲኖረው፣ የዊኒፔግ ወይም የሃሊፋክስ እንግሊዝኛ ፊልም ከሆሊውድ ጋር በአንድ ሜዳ መሰለፍ አለበት። የኩቤኩን ዳይሬክተር ዴኒ ቪልኔቭን ዓለም ያወቀው በ2010 በሠራው «ኢንሳንዲ» ነው፤ ያ ፊልም ለኦስካር የታጨው በዚሁ ዘርፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ሆሊውድ ጠራው፤ «አራይቫል»ን እና «ዱን»ን ሠራ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ ወጣት የቪልኔቭን ሥራ አይቷል፤ ያየው ግን የካናዳን ፊልም አይደለም። ከክበቡ እኅታችን ጂም ኬሪን የጠሩት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሰው እንጂ ፊልም ወደ ውጭ አይላክም።

ከዚህ ሁሉ የሚያመልጡት የት እንደተሠሩ ማንም የማይጠራጠርባቸው ፊልሞች ናቸው። ዛካሪያስ ኩኑክ የኢኑይት ሕዝብ በሚናገረው በኢኑክቲቱት ቋንቋ፣ በካናዳ ሰሜናዊ የአርክቲክ ክልል ባለችው ኢግሉሊክ የሠራው «አታናርጁአት» በ2001 ካን ላይ ለመጀመሪያ ፊልም የሚሰጠውን የካሜራ ዶር ሽልማት አግኝቶ በብዙ አገሮች ሲኒማ ቤት ገብቷል። በበረዶ ላይ ራቁቱን ስለሚሮጥ ሰው የሚተርክ የሦስት ሰዓት ያህል ፊልም ገበያ ያገኛል ብሎ ቀድሞ የተናገረ ነጋዴ የነበረ አይመስለኝም። በ2024 የወጣው የማቲው ራንኪን «ዩኒቨርሳል ላንጉዌጅ»ም በዊኒፔግ ከተማ ሰዎች ፋርስኛ እየተነጋገሩ የሚታዩበት ነው፤ ካን ላይ በዳይሬክተሮች መድረክ የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦

ከሁለታችሁም ብዙ ተምሬያለሁ፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በሆሊውድ ላይ መጫናችሁን አልቀበልም። የአሜሪካ ጥላ በብዙ አገሮች ላይ አለ። ደቡብ ኮርያ ሲኒማ ቤቶቿ በዓመት ለ146 ቀናት የአገር ውስጥ ፊልም እንዲያሳዩ ስታስገድድ ኖራ፣ በ2006 ቀኑን ወደ 73 ዝቅ አደረገችው፤ ያም ሆኖ ሕዝቧ የራሷን ፊልም ማየት አልተወም። ካናዳ እንዲህ ያለ ግዴታ ለረጅም ፊልሞች በሲኒማ ቤት ላይ ጥላ አታውቅም። ይህ የራሷ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ነው። በ1974 ካናዳ በፊልም ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ያፈሰሰውን መቶ በመቶ ከግብር ከሚታሰብበት ገቢው እንዲቀንስ ፈቀደች። ሐኪሙም ጠበቃውም የፊልም ባለ ሀብት ሆነ። ፊልሙ ቢታይ ባይታይ ግብሩ ስለሚቀነስለት ጉዳዩ አልነበረም፤ ሳይታዩ መደርደሪያ ላይ የቀሩ ብዙዎች ናቸው። በ1982 ማበረታቻው በግማሽ ሲቀነስ ግርግሩም በረደ። የዚያ ዘመን ትልቁ ስኬት «ፖርኪስ» ነበር፤ በሰሜን አሜሪካ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ግን ታሪኩ ፍሎሪዳ ውስጥ ነው፣ የተቀረጸውም ፍሎሪዳ ነው። ዓለም ያየው ትልቁ የካናዳ ፊልም ካናዳ የሌለችበት ፊልም ሆነ ማለት ነው።

ዛሬም አንድ ፊልም ካናዳዊ መሆኑ የሚረጋገጠው በነጥብ ነው። ዳይሬክተሩ ካናዳዊ ከሆነ 2 ነጥብ፣ ጸሐፊው 2፣ መሪ ተዋናዩ 1፣ አቀናባሪው 1፣ እያለ እስከ 10 ይቆጠራል፤ ለግብር ተመላሹ ብቁ ለመሆን ቢያንስ 6 ያስፈልጋል። የሚቆጠረው ፓስፖርት ነው፤ ታሪኩ የት እንደሆነና ለማን እንደሚተረክ በዚህ ቆጠራ ውስጥ የለም። ሕጉን ላወጡት ሰዎች ለመቁጠር የሚመች መሆኑ ይገባኛል፤ ለተመልካች ግን የሚነግረው ነገር የለም።

ከሌሎች አገሮች ጋር የሚደረገው የጋራ ፕሮዳክሽንም ያው ነው። ካናዳ የመጀመሪያውን ውል ከፈረንሳይ ጋር የፈረመችው በ1963 ሲሆን ዛሬ ከሃምሳ በላይ አገሮች ጋር ውል አላት። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ፊልሙ በሁለቱም አገር እንደ አገር ውስጥ ፊልም ይቆጠራል፣ ከመጀመሪያው ሁለት አከፋፋይ ይኖረዋል። በ2015 የወጣው «ሩም» የአየርላንድና የካናዳ ነው፤ ተዋናይቷ ብሪ ላርሰን ኦስካር ወስዳበታለች። ሰው ግን ወይ አሜሪካዊ ወይ አየርላንዳዊ ነው ይለዋል። እኛን የሚመለከት ምሳሌም አለ። በ2019 ቶሮንቶ ላይ የታየው «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» ሐረርን የሚያነሳ፣ በካናዳዊቷ ካሚላ ጊብ ልቦለድ ላይ የተመሠረተ፣ የካናዳ ገንዘብ ያለበት፣ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ፊልም ነው። ስንቶቻችን የካናዳ ፊልም ብለን እናውቀዋለን? ስንቶቻችንስ በሲኒማ ቤት አየነው?

በመጨረሻ ፌስቲቫል የሚባለውን እናንሳ። ሁላችንም «ካን ተሸለመ» ስንል በሩ ተከፈተ ማለታችን ነው። ለብዙ ፊልም ግን ፌስቲቫሉ መድረሻው ነው። ዓመቱን ሙሉ ከከተማ ከተማ እየዞረ በአንድ አገር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይታያል፤ ያን ዓይነት ፊልም የሚወዱት የዚያ አገር ሰዎች እዚያው ያዩታል። ከዚያ በኋላ አከፋፋይ ሲጠየቅ «ሊያየው የሚፈልግ ሁሉ አይቶታል» ይላል። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ፊልም ፕሮዲዩሰር ደግሞ ወጪው ቀድሞ ስለተሸፈነለት ሲኒማ ቤት ባይገባም አይራብም፤ የሽልማት ምልክቱን ፖስተሩ ላይ ለጥፎ ለሚቀጥለው ፊልም ያመለክታል። የእኛ አማርኛ ፊልም ሠሪዎች አንድ ሳንቲም ከመንግሥት ሳያገኙ አዲስ አበባ ላይ አዳራሽ የሞሉበት ዘመን የነበረው፣ ትኬት ካልተሸጠ ዕዳው ቤታቸውን ስለሚያሸጣቸው ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

ሰኞ ገበያ፣ የፌስቲቫሉን ነገር እንዳሉት ነው፤ ቢሮ ሳለሁ «ፌስቲቫል የጨረሰው» የሚባል ፊልም አለቃዬ አይገዛም ነበር። በኮርያው ምሳሌ ግን አልስማማም። ኮርያ በኮርያኛ ነው የምትሠራው፤ ሆሊውድ ኮርያኛ አይናገርም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ካናዳ ያንን አጥር አላገኘውም። ኩቤክ ግን አግኝቶታል፤ ወሎዬው እንደጻፉትም ውጤቱ ይለያል።

የስክሪን ግዴታን በተመለከተ አንድ የቆየ ነገር ልጨምር፤ ካናዳ ራሷ በሌላ አገር ግዴታ ተጠቅማ ታውቃለች። በ1927 ብሪታኒያ ሲኒማ ቤቶቿ የተወሰነ የብሪታኒያ ፊልም እንዲያሳዩ ሕግ ስታወጣ ከግዛቶቿ የመጣውን ሁሉ «ብሪታኒያዊ» ብላ ቆጠረች። ወዲያው በካናዳ ምዕራብ ጠረፍ፣ ቪክቶሪያ ከተማ፣ የሆሊውድ ገንዘብ ያለባቸው ርካሽ ፊልሞች ለለንደን ገበያ ይመረቱ ጀመር። በ1938 ሕጉ ተሻሽሎ የግዛቶቹ ፊልም ከቁጥር ሲወጣ ሥራው በአንድ ጊዜ ቆመ። ግዴታ ብቻውን ፊልም ውጭ አገር ያስገባ ይሆናል፤ አስገብቶ ግን አያቆይም። ስለዚህ ለገንዘቡ ያሉትን እቀበላለሁ፣ ገንዘቡ ቢስተካከልም ግን የቤቱ ስክሪን ካልተገኘ የውጭው አይገኝም ከሚለው ሐሳቤ አልወርድም።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦

ሦስታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ለክበቡ የማዘጋጀውን ጽሑፍ «የቤቱ ስክሪን» በሚለው ሐሳብ ዙሪያ አደርገዋለሁ፤ የሰኞ ገበያንም ተቃውሞ አብሬ አቀርባለሁ። አሁን የቀረኝ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ፊልሞቹን ከቴሌግራም አውርደን ማየት እንችላለን፤ አባላቱም ይህንኑ ይሉኛል። ነገር ግን የማሳያ መብት ያላገኘንበትን ፊልም እያሳየን ስለ ፊልም ማከፋፈል መወያየት አልጣመኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ወሎዬው ከሞንትሪያል፦

አብሽር ወንድሜ፣ መንገድ አለው።

በብሔራዊ የፊልም ቦርድ ጀምሩ። ቦርዱ ከ2009 ጀምሮ ብዙ ሥራዎቹን በድረ ገጹ በነፃ ያሳያል። ቤት ተቀምጦ በግል ማየትና በአዳራሽ ለሕዝብ ማሳየት ግን የተለያዩ መብቶች ስለሆኑ፣ ለአዳራሹ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ትኬት ለማይሸጥ የትምህርት ክበብ እንዲህ ያለ ፈቃድ መስጠት ለእነሱ አዲስ ነገር አይደለም። ለመጀመሪያው ቀን የኖርማን ማክላረንን አጫጭር ሥራዎች ብትመርጡ እመክራለሁ። «ኔበርስ» በ1952 የተሠራ ስምንት ደቂቃ ያህል የሚወስድ ፊልም ነው፤ ሁለት ጎረቤታሞች በአንዲት አበባ ሲጣሉ ያሳያል፤ ንግግር የለውም፣ ኦስካርም አግኝቷል። የግርጌ ጽሑፍ የማያስፈልገው ፊልም ድንበር ለመሻገር ምን ያህል እንደሚቀለው በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ለውይይቱም ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ረጅም ፊልም ከፈለጋችሁ የምትጽፉት ለዳይሬክተሩ ሳይሆን ለሽያጭ ወኪሉ ነው፤ ስሙ በፌስቲቫሎች ድረ ገጽ ላይ ከፊልሙ መግለጫ ግርጌ ይገኛል። አዲስ አበባ ያለው የካናዳ ኤምባሲም ሊያገናኛችሁ ይችላልና ግልባጭ ላኩለት።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

ለወኪሉ ስትጽፉ ደብዳቤውን አታርዝሙት፤ በቀን ስንት መቶ እንዲህ ያለ ኢሜይል ይደርሳቸዋል። የአዳራሹን የወንበር ብዛት፣ ትኬት የማይሸጥ መሆኑን፣ የሚታይበትን አንድ ቀን፣ ፊልሙን በምን ዓይነት ፋይል መቀበል እንደምትችሉ ጻፉ። የተቆለፈ ፋይል የሚከፍት ሰርቨር እንደሌላችሁ ከመጀመሪያው ንገሯቸው፤ በመጨረሻው ሳምንት ቢያውቁት ይሰርዙባችኋል። የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ለብቻው እንዲልኩላችሁም ጠይቁ፤ ከመካከላችሁ የሚችል ሰው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ ወኪሉም ትርጉሙን ለራሱ ሊያስቀረው ስለሚችል ይህ ለመደራደር ይረዳችኋል። ክፍያ ከጠየቁ የውጭ ምንዛሪው ጊዜ ስለሚወስድ ቀኑን ቢያንስ ሁለት ወር አርቃችሁ ያዙ። ደሴ አዳራሽ ካጣችሁ የኮምቦልቻው ረቡዕ ማታ ክፍት ነው፤ የመብራቱን ወጪ ብቻ ትሸፍናላችሁ።